«ተቃጠልኩ» ያለ ሁሉ

ሚስቴን ሳያውቅ ስለ እሳት አውቃለሁ የሚል ሰው ካለ ከአሁኑ ይረፍ። እኔ የእሳት አደጋ መኪና ሹፌር ነኝ፤ ጠጉሬ የሸበተው ቀይዋን ስነዳ ነው። መንገዱ ሁሉ ይከፈትልኛል፣ ልጆች እጃቸውን ያውለበልቡልኛል፣ ባለሱቆች በራቸው ላይ ቆመው «አይዞህ» ይሉኛል። ላየኝ ሰው ጀግናው እኔ ነኝ። እውነቱን ልንገራችሁ፣ እኔ የምሄደው እሷ ሂድ ስትለኝ ነው። ቤትም ያው ነው፤ እሱን እንኳ እንተወው።

እሷ የስልክ ክፍሏ ሰው ናት። ከመኪናው ማቆሚያ አጠገብ በመስታወት የተከለለች ጠባብ ክፍል አለች። ውስጧ ስልክ፣ ራዲዮ፣ ግድግዳ የሞላ የከተማ ካርታና ጠረጴዛው ጠርዝ ላይ አንዲት ቀይ ቁልፍ አለ። ቁልፏን ስትጫናት ግቢው በደወል ይናጋል፤ እኛ ሻይ የያዝንም ካርታ የምንጫወትም ሁሉን ጥለን ቡት ጫማችንን እየጎተትን እንሮጣለን። እኔ በካርታ ስመራ ሆን ብላ የምትጫን ይመስለኛል፤ ብላትም አታምንም። ባልደረቦቻችን «ጆሮዋ» ነው የሚሏት። ስታዳምጥ ዓይኗን ትጨፍናለች። አዲስ የመጣ ሰው ተኝታ አገኘኋት ብሎ ለአለቃ ሊያሳብቅ ይሄድና ተስቆበት ይመለሳል።

ሥራዋን ከባድ ያደረገባት እሳቱ አይደለም፤ ቋንቋችን ነው። የኛ ሰው ሲቆጣ አፉ ውስጥ ያለው ቃል ሁሉ እሳት ነው። ነደድኩ ይላል፣ ጨስኩ ይላል፣ አረርኩ፣ ከሰልኩ፣ ተንጨረጨርኩ፣ አንጀቴ ተቃጠለ ይላል። «ተናደደ» የምንለው ራሱ መንደድ አይደል? እንግዲህ ይሄ ሕዝብ ስልክ አንስቶ፣ እሳት አደጋ ደውሎ፣ እየጮኸ «ተቃጠልኩ፣ ድረሱልኝ!» ሲል ቤቱ ነው የተቃጠለው ወይስ ሆዱ? እስቲ እናንተ ፍረዱ።

በግቢያችን ሽማግሌው ጋሽ ባልዲ ናቸው። ይሄን ስም ያገኙት ስለ ድሮ ማውራት ስለሚወዱ ነው። መኪና ሳይኖር፣ ይላሉ፣ ሰው ከጉድጓዱ እስከሚነደው ቤት ተሰልፎ ውሃ በባልዲ ይቀባበል ነበር፤ ሙሉው በአንድ እጅ ይሄዳል፣ ባዶው በሌላ እጅ ይመለሳል፣ የተኳረፈ ጎረቤት ሳይቀር ጎን ለጎን ይቆማል። ቀጥሎ የመጣው የእጅ ፓምፕ ዛሬም ግቢያችን ጥግ ቆሟል። ሁለት ሰው ከወዲህ፣ ሁለት ሰው ከወዲያ ይዘው ከፍ ዝቅ የሚያደርጉት ነው፤ አሁን አበባ ተተክሎበታል። ከላዩ የተንጠለጠለው አሮጌ ደወል ነው ለጋሽ ባልዲ ትልቁ ቁም ነገር። ያኔ ደወሉ ከተመታ እሳት አለ ማለት ነው፤ ደወል አማቴ አበሳጨችኝ ብሎ አይጮኽም ይላሉ፣ ወደ ስልኩ በግልምጫ እያዩ።

ታዲያ እኒሁ ጋሽ ባልዲ ናቸው አንድ ቀን ካርታ ሲሸነፉ «ወይኔ፣ ነደድኩ!» ብለው የጮኹት። ጥግ ላይ ያንቀላፋ አንድ አዲስ ሠራተኛ ብድግ ብሎ ቱቦውን ከፈተና ጋሽ ባልዲን፣ ካርታውን፣ ሻዩን፣ ሁላችንንም አጠበን። አለቃችን ልብሱን እየጨመቀ በዚያው ሕግ አወጣ። ከዛሬ ጀምሮ በዚህ ግቢ በንዴት ነደድኩ፣ ጨስኩ፣ ተቃጠልኩ ማለት ክልክል ነው፤ የተናደደ ሰው «በሰበስኩ» ይበል፤ የተሳሳተ የመኪናዋን ጎማ ያጥባል። ቀልድ መስሎን ነበር። ጎማ ስናጥብ ግን ለመድነው። አሁን እኛ ግቢ ብትገቡ አንዱ ሌላውን «አንተ ሰውዬ፣ አበሰበስከኝ እኮ» ሲለው ትሰማላችሁ፤ እንግዳ ሰው ቀና ብሎ ጣራውን ያያል። ሚስቴ ቃሉን ይዛው ቤት ገባች። ጭቃ ጫማዬን ይዤ ከገባሁ «አበሰበስከኝ!» ብላ ትጮኻለች። ጎረቤታችን ይሄን ሰምታ አንድ ቀን ባልዲና መወልወያ ይዛ መጣች፤ ቧንቧችን የፈነዳ መስሏት።

ከግቢያችን ውጭ ያለው ሰው ግን ሕጋችንን አያውቅም። የዛሬ ዓመት ግድም አንድ ሰውዬ ደውሎ ተቃጠልኩ፣ አለቅሁ፣ ቶሎ ድረሱ አለ። ድምፁ ይንቀጠቀጣል። ሚስቴ ቁልፏን ተጫነች፤ እኔም ከተማውን አቋርጬ ደረስኩ። ሰውዬው በሩ ላይ ቆሞ ጎረቤቱን እየረገመ ነው፤ ጎረቤትዬው መኪናውን በሩ ላይ አቁሞበት ሄዷል። እሳቱ የታለ ብንለው እጁን ደረቱ ላይ አድርጎ «እዚህ ነው» አለን። ሰፈሩ ሁሉ ሳቀ። እኛም እንስቅ ነበር፣ በዚያችው ሰዓት በከተማው በሌላኛው ጫፍ የአንድ አናጺ ሥራ ቤት ባይነድ ኖሮ። ጎረቤቶቹ እንደ ጋሽ ባልዲ ዘመን ተሰልፈው በባልዲ አጠፉት። ሰው አልተጎዳም፤ የአናጺው ጣውላ ግን አመድ ሆነ።

አለቃችን ክፉ ሰው አይደለም። ያን ቀን ግን ፊቱ ጠቁሮ ስልክ ክፍሏ ገባና መኪናዋ አንዲት ብቻ መሆኗን አስታወሳት። አንድ ጊዜ ደግማ በባዶ ካወጣቻት ወደ ዕቃ ግምጃ ቤት እንደሚያዛውራት ቁርጡን ነገራት። በደረቅ አበሳ እርጥብ ይነዳል ማለት ይሄ ነው፤ ሰውዬው ተናደደ፣ ፍዳውን የምታየው ሚስቴ። ግምጃ ቤቱ ከግቢው ጀርባ ነው፤ የተቀደደ ቱቦና የተሰነጠቀ የራስ ቁር የሚቀመጥበት። ቤት ስንገባ እራት ባቀርብላት ሳህኑን ብቻ አየች። ቱቦ እኮ አይናገርም፣ አለችኝ። የሰው ድምፅ ሳትሰማ መዋል የማትችል ሴት ናት። አለቃዬ ልክ ነው፣ ግን ሚስቴም ልክ ናት፣ እኔ ምን ልሁን?

እሷ ግን አልቅሳ የምትቀር አይደለችም። ብዙም ሳትቆይ አንድ ጥያቄ አገኘች። የደወለው ሁሉ ጩኸቱን ከጨረሰ በኋላ፣ ለስለስ አድርጋ «ምን ምን ይሸታል?» ትለዋለች። ቤቱ የነደደበት ሰው ሳያስብ ይመልሳል፤ ጎማ ይላል፣ ላስቲክ ይላል፣ ጨርቅ ይላል። ሆዱ የነደደበት ሰው ደግሞ ይብስበታል፤ እኔ እዚህ ተቃጥዬ አንቺ ስለ ሽታ ታወሪያለሽ ብሎ ይሰድባታል። ያኔ እሷ አይዞዎት ብላ ታረጋጋዋለች፣ መኪናዋም አትወጣም። ግቢው ሁሉ ተገረመ። አለቃም ራሱን ነቀነቀ፤ ማስጠንቀቂያውን ግን አላነሳም። እንዲያውም ከሰው ጋር ወሬ ታበዛለች፣ ግምጃ ቤት መግባቷ አይቀርም የሚለው ሹክሹክታ ከመኪና ማቆሚያው እስከ ልብስ ማጠቢያው ደርሶ ነበር። ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው፤ ጆሮዋ ብቻ አልሰማችም።

ወሬ ታበዛለች የተባለችው በሦስተኛ ፎቋ እማማ ምክንያት ነው። እማማ ከአንድ ልብስ ሰፊ ቤት በላይ፣ ሦስተኛ ፎቅ ላይ ከባለቤታቸው ጋር የሚኖሩ ሴት ናቸው። መጀመሪያ የደወሉት ድስት አርሮባቸው፣ በእውነት ነው። ሚስቴ በስልኩ ምድጃውን አስጠፋቻቸው፣ ዘይት ላይ ውሃ እንዳይደፉ ከለከለቻቸው፣ ክዳኑን አስከደነቻቸውና ነገሩ አለቀ። እማማ ግን ድምፅዋን ወደዱት። ከዚያ ወዲህ ባላቸው ባናደዳቸው ቁጥር ይደውላሉ።

ባላቸው አባባ ጡረታ የወጡ አናጺ ናቸው፤ የቤታቸውን በር ሁሉ በእጃቸው ነው የሠሩት። ጥፋታቸው ሁልጊዜ አንድ ዓይነት ነው፤ መነጽሬን ደበቀ፣ ሬዲዮውን አስጮኸ፣ ጠራሁት አልሰማም አለ። እማማ «ተቃጠልኩ ልጄ፣ ይሄ ሰውዬ አቃጠለኝ» ብለው ይጀምራሉ፤ ከኋላቸው የአባባ ድምፅ «አትስሟት!» ይላል። አንድ ቀን ሳይል ቀርቶ አያውቅም። ሚስቴ ሌላ ስልክ እስኪጠራ ታዳምጣቸዋለች፤ ሲጠራ ይቅርታ ጠይቃ ትዘጋለች። ሕጋችንን ልታስተምራቸውም ሞክራ ነበር። እማማ፣ ሲናደዱ በሰበስኩ ይበሉ፣ ተቃጠልኩን ለእሳት እናቆየው አለቻቸው። እማማ ተቆጡ። እኔ በዚህ ዕድሜዬ ንዴቴን አልቀይርም፣ እሱ እያቃጠለኝ ምን ሲደረግ ነው የምበሰብሰው አሏት። ግቢው ውስጥ የእማማ ስም ከተነሳ ሰው ሁሉ ይስቃል።

አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ የመኪናዋን መስታወት እየወለወልኩ ነበር። የስልክ ክፍሏ መስኮት ክፍት ነው። ስልኩ ጠራ፤ ሚስቴ አነሳችና ፈገግ አለች። እማማ መሆናቸውን በፈገግታዋ አወቅኩ። ዓይኗን ጨፈነች።

ኋላ እንደነገረችኝ እማማ ድምፃቸው ተዘግቷል፤ ጉንፋን ይዟቸዋል። ባላቸው ዛሬ አዲስ ማቃጠያ ማግኘቱን ነገሯት። ጠዋት ተጣልተው፣ ክፍሉ ገብቶ በሩን ዘግቶ፣ አሁን ዝም ብሏል። ይጠሩታል፣ ዝም። በር ይመታሉ፣ ዝም። በዝምታው አቃጠለኝ፣ ከመናገሩ መዝጋቱ ባሰብኝ አሉ። ሚስቴ ከልማዷ ምን ምን ይሸታል ብላ ጠየቀች። እማማ አፍንጫቸው ከተደፈነ መሰንበቱን፣ ሽቶ ቢደፋባቸው እንኳ እንደማያውቁ ነገሯት። ያቺ ጥያቄዋ ለመጀመሪያ ጊዜ መና ቀረች።

ከዚያ ሚስቴ ከእማማ ኋላ «አትስሟት!» የሚለውን ድምፅ ጠበቀች። የለም። ፈገግታዋ ከፊቷ ሲጠፋ አየሁት፤ መወልወያዬን ይዤ ቆምኩ።

«እማማ» አለች፣ «እስቲ አባባን አንድ ጊዜ ይስደቡልኝ። የማያልፉትን ስድብ።»

እማማ ይህን ፈቃድ ዕድሜ ልካቸውን ሲጠብቁት የኖሩ ይመስላሉ። አባባ ሌላው ስድብ ሁሉ አይነካቸውም፤ የእጃቸው ሥራ ከተነካ ግን አይምሩም። እማማ ስልኩን እንደያዙ ወደ ክፍሉ ዞረው፣ በዚያ በተዘጋ ጉሮሯቸው፣ የሠራኸው በር ሁሉ ይንቋቋል አሏቸው። ሚስቴ አዳመጠች። መልስ የለም። ዓይኗን ገለጠችና ቁልፏን ተጫነች።

ግቢው ተናጋ። ሁሉም ሮጠ። አለቃ ከቢሮው ወጥቶ መስኮቱ ላይ ደረሰና የት እንደሆነ ጠየቃት። የሦስተኛ ፎቋ እማማ ቤት አለችው። አለቃ ባለበት ቀረ። ቡት ጫማቸውን እየሳቡ የነበሩት ጋሽ ባልዲም አንድ እግራቸውን አንጠልጥለው ቆሙ።

«ምን አሉ?» አለ አለቃ።

«ባሌ ዝም አለኝ አሉ።»

አንድ ሰው ከኋላ ሳቁን ሊያፍን ሞከረ፤ አልቻለም። እኔ መሪው ላይ ተቀምጬ እጄ የሞተሩ ቁልፍ ላይ ነው። ባዶ ከሆነ አለቀላት። መሳሳቷን ፈራሁ፤ ከሁሉ በላይ ግን ያን ግምጃ ቤት ፈራሁ። እሷ እኔን አላየችኝም። አለቃን ነው ያየችው።

«ጋሼ፣ ግምጃ ቤቱ ነገ እገባለሁ። አሁን መኪናዋ ትውጣ።»

አለቃ የመኪናዋን በር ከፍቶ አጠገቤ ዘሎ ተቀመጠና ንዳ አለኝ። ነዳሁ። በሕይወቴ እንደዚያን ቀን ነድቼ አላውቅም፤ መንገድ ላይ የነበረ አንድ የፍራፍሬ ጋሪ በእግዜር ጥበብ ነው የተረፈው።

ሚስቴ ስልኩን ከራዲዮው አስጠግታ ስለያዘችው የሆነውን ሁሉ እየሰማን ነበር። ሚስቴ እማማን በመዳፋቸው ሳይሆን በእጃቸው ጀርባ በሩን ዳሰስ እንዲያደርጉት ነገረቻቸው። እማማ ሄደው ተመለሱ። ቀለሙ ሞቋል ልጄ፣ ምን ሆኖ ነው አሉ። ነገሩ ገባን፤ እኔም ነዳጁን ይበልጥ ረገጥኩ። እማማም ገባቸው መሰለኝ፣ ድምፃቸው እንደ ልጅ ሆነ። ከፍቼ ላውጣው፣ ውስጥ ነው ያለው፣ ምን ሆነህ ነው የኔ ጌታ እያሉ ስልኩን ሊጥሉ ነው። ሚስቴ አልጮኸችም። በሩን ከከፈቱት እሳቱ አየር አግኝቶ እንደሚነሳ፣ ያኔ ለእሳቸውም ለአባባም እንደማይሆን ነገረቻቸው። እማማ እሱን ትቼ የትም አልሄድም አሉ። ይሄኔ ሚስቴ ሥራ ሰጠቻቸው።

«እማማ፣ ሰዎቼ ሰፈሩን አያውቁትም። ወርደው የአባባን መስኮት ካላሳዩልኝ ይሳሳታሉ። ይሮጡልኝ።»

እኔ ያን ሰፈር እንደ ኪሴ ነው የማውቀው።

ስንደርስ እማማ በነጠላ ጫማ መንገዱ መሀል ቆመው በሁለት እጃቸው ወደ ላይ ያሳያሉ። ከውጭ ሲታይ ምንም የለም። መስኮቱ ዝግ ነው፣ መስታወቱ ብቻ ቡና ዓይነት ሆኗል፤ ይህን ያየ የእሳት አደጋ ሰው ክፍሉ በታፈነ ጭስ መሞላቱን ያውቃል። መሰላሉን ዘረጋን፣ ሁለት ወጣት ባልደረቦቻችን ጭምብል አጥልቀው ወጡ፣ ቱቦው ከኋላቸው። መስታወቱ ሲሰበር ጭሱ ተንዶ ወጣ። ታች ቆሜ ፓምፑን እየተቆጣጠርኩ ከእማማ ላይ ዓይኔን መንቀል አልቻልኩም።

አባባ ከመስኮቱ ሥር ወለሉ ላይ ወድቀው ተገኙ። ጭስ ወደ ላይ ነው የሚሰበሰበው፤ ወለሉ ላይ መውደቃቸው ነው ትንፋሽ ያቆየላቸው። የኤሌክትሪክ ማሞቂያው አጠገብ ወንበር አለ፣ ወንበሩ ላይ የተጣለው ብርድ ልብስ ነው ሲጨስ የቆየው። በሩስ? አባባ የሠሩት በር ከክፈፉ ጋር ልክክ ከማለቱ የተነሳ ክር የምታህል ጭስ ወደ እማማ አላሳለፈም። በአምቡላንስ ሲጫኑ ዓይናቸው እንደተከደነ ነው። እማማ ቃሬዛውን ይዘው አብረው እየሄዱ፣ ዛሬስ መልስልኝ፣ ምን ትሆናለህ አንድ ቃል ብትመልስልኝ እያሉ ያለቅሱ ነበር። እኔም አለቀስኩ፤ ለባልደረቦቼ ግን ጭሱ ነው ብያቸዋለሁ።

ወደ ግቢ ስንመለስ አለቃ በቀጥታ ስልክ ክፍሏ ሄደ። በሩ ላይ ቆመ፤ ባርኔጣውን አወለቀ፣ መልሶ አደረገ። ያ ግምጃ ቤት ጣራው ያፈሳል፣ ሰው የሚቀመጥበት አይደለም አለና ወደ ቢሮው ሄደ። እሱ እንዲህ ነው ይቅርታ የሚጠይቀው። ጋሽ ባልዲ በበኩላቸው ከዚያ ቀን ወዲህ ስለ ደወሉ ማውራት ቀንሰዋል፤ ደወል ዝም ያለ ሰው አይሰማም ማለታቸውን ሰምቻለሁ።

ግቢው ሁሉ ሲያመሰግናት ሚስቴ አልሳቀችም። ሐኪም ቤት ብንጠይቅ ቤተሰብ ናችሁ ወይ ይሉናል። ስልክ በጠራ ቁጥር ከወንበሯ ትነሳለች፤ ሌላ ሰው ሲሆን ትቀመጣለች። ቤት ስንገባም ያው ነው። ጭቃ ጫማዬን ይዤ ምንጣፉ ላይ ወጣሁ፣ ሆን ብዬ። ምንም አላለችኝም። እማማ ስለ ዝምታ ያሉት ያኔ ነው የገባኝ፤ እውነትም ያቃጥላል። ይኸው፣ ይህን ስላልኩ ጎማ ማጠብ አለብኝ።

አንድ ቀን ጠዋት፣ ሻይ እየጠጣን፣ ስልኩ ጠራ። አነሳችው። ዓይኗን ጨፈነች። ከዚያ እጇን ዘርግታ የማዳመጫውን ድምፅ ከፍ አደረገችውና መስኮቱን ገፋችው፤ ሁላችንም ተጠጋን።

«ልጄ» አለ የእማማ ድምፅ፣ ጉንፋኑ ለቅቆታል፤ «ዛሬ ከሐኪም ቤት አመጣሁልሽ። ከገባ ጀምሮ ያዳነሽ እኔ የሠራሁት በር ነው እያለ፣ ይሄ ሰውዬ አበሰበሰኝ።»

ከኋላቸው ደከም ያለ፣ የሻከረ ድምፅ መጣ።

«አትስሟት!»

ሚስቴ ዓይኗን አልገለጠችም። እንባዋ ግን በተጨፈነው ዓይኗ ሥር ወርዶ ጉንጯን አርሶታል፤ በሌላኛው እጇ አፏን ይዛ ትስቃለች። ሌላ ስልክ እስኪጠራ አዳመጠቻቸው። ያን ቀን ጠዋት፣ እግዜር ይመስገን፣ ሌላ ስልክ አልጠራም።